በወስፌ የወጣው መድኃኒት

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ገላነሽ ሸዋ በር አጠገብ ለአንድ አርመን የጥርስ ሐኪም የሕክምና ዕቃውን እቀቅል፣ አስተረጉምም ነበር። የሐረሪን ቋንቋ የለመድኩት ከጎረቤታችን ከእትዬ ሐዲያ ነው። እትዬ ሐዲያ ስፌት ሰፊ ናቸው። በአንድ እጃቸው ወስፌ፣ በሌላው ስንደዶ ይይዙና አለላውን በፊት ጥርሳቸው ነክሰው ይሰነጥቁታል። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ እንዲያ ሠርተዋል፤ ሌላ መላ አያውቁም።

የአንዲት ልጃቸው የሰዐዲያ ሠርግ ከዒድ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጦ ሳለ ያው ጥርስ ተቦርቡሮ ያሳብዳቸው ጀመር። የሙሽራዋ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ትልቁን ስፌት ጀምረውታል፤ የሌላ ሰው እጅ እንዲገባበት በጭራሽ አይፈልጉም።

«ይነቀልና ልረፍ» አሉኝ።

«ምን ነካዎት! በምን ሊነክሱ ነው?» ብዬ እየጎተትኩ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ ሳይነቀል ይድናል አለ። በጥርሱ ሥር ውስጥ ያለውን ጅማት የሚገድል መድኃኒት ከትቶ ደፈነውና በሦስተኛው ቀን እንዲመለሱ ነገራቸው፤ ያኔ የሞተውን በቀጭን መርፌ ጠርጎ አውጥቶ ለሁልጊዜው ሊሞላው ነው። እስከዚያ ግን እንዳይነኩት። እኔም ይህንኑ ደግሜ ደጋግሜ ነገርኳቸው።

በማግስቱ የረመዳን ጨረቃ ታየች። እትዬ ሐዲያ «አፌ ውስጥ መድኃኒት ይዤ እንዴት እጾማለሁ?» ብለው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ በዚያው በወስፌያቸው ድፍኑን ፈልፍለው ጣሉት!

በሦስተኛው ቀን ብጠብቅ ብጠብቅ የሉም። ቤታቸው ብሄድ ከንፈራቸው አብጧል፣ ስፌቱ ግማሹ ላይ ቆሟል።

ያደረጉትን ነገሩኝ። «ወይ ጉድ! በወስፌ?»

«አትጩሂብኝ። ከዒድ በኋላ እሄዳለሁ።»

ሮጬ ሐኪሙን ጠየቅኩት። እስከ ዒድ ከቆየማ መንቀል ነው አለ። ይህን ይዤ ቁርአን ወደሚያስቀሩት ወንድማቸው ወደ ሼህ ዐብዱልመሊክ ሄድኩ፤ እሳቸውም ወዲያው አብረውኝ መጡ።

«ሐዲያ፣ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል። ያፈጠርሽውን፣ ያልጾምሽውን ቀን ቆጥረሽ በኋላ በሌላ ቀን እየጾምሽ ቀዳ ታወጫለሽ» አሏቸው።

እትዬ ሐዲያ አለቀሱ። ጾም በፈቃዳቸው ፈትተው አያውቁም። ግማሹን ስፌት ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ዳር ዳሩን ዳሰሱት።

«ነገ ውሰጂኝ» አሉኝ።

ሦስት ቀን ተመላለስን፤ ሦስቱንም ቀን አፈጠሩ። ጥርሱ ተጠርጎ ተሞላ። ጠቆረ እንጂ አልወደቀም። አለላውን ሲነክሱበት እያየሁ በሆዴ እልል አልኩ።

ሠርጉ ደረሰ። ስፌቱ ከሰዐዲያ ራስ በላይ ተሰቅሏል። ለእኔ ለክርስቲያኗ ሽሮ ለብቻ ተሠርቶ ቀረበልኝ። እትዬ ሐዲያ እንግዳውን ሁሉ ብሉ ብሉ እያሉ ይዞራሉ፤ እሳቸው ግን ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሦስተኛው ቀዳዬ ዛሬ ነው» አሉ በሹክሹክታ።

«በልጅዎ ሠርግ? ሌላ ቀን ጠፋ?»

«ለዚህ ሠርግ ብዬ አይደል የፈታሁት!»

ሽሮውን ገፋ አደረግኩት።

«ብዪ እንጂ! ጥርሱም የኔ፣ ጾሙም የኔ፤ አንቺ ምን አገባሽ?» ብለው በጥቁሩ ጥርሳቸው ሳቁብኝ።

አልበላሁም። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።