ጥሩንባው ያልተነፋ ቀን

የእድራችን ስብሰባ የሚከፈተው በጸሎት ነው። አባታችን ሆይ ይባልና ሕግ ይወጣል። ከዓመታት በፊት ከዚያው ጸሎት በኋላ እጄን አውጥቼ የደገፍኩት አንድ ሕግ ነበር፤ እድሩ ድንኳን የሚተክለውም ሬሳ የሚያጅበውም የሟቹ ቀብር በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ብቻ ነው የሚል። ሃይማኖቴን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

በኋላ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ከነባሏ ጴንጤ ሆነች። ከእድሩ ግን አልወጡም። ድንኳን ሲተከል ካስማውን ቀድሞ የሚመታው ባሏ ነበር። ባለፈው ክረምት ሊነጋጋ ሲል አረፈ። ልቅሶው ተሰማ፤ ጥሩንባው ግን አልተነፋም።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ። ኮሚቴው በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

«ጥሩንባው ታመመ እንዴ?» አልኩ።

«እማማ፣ ቀብሩ በእነሱ መቃብር ነው» አለ ዳኛው። «ሕጉን ያውቁታል። እርስዎም እጅዎን አውጥተዋል።»

«አውጥቻለሁ። ተሳስቼ ነው።»

«ደግሞ የራሷ ሰዎች አሏት።»

«ሠላሳ ዓመት ግድግዳ የተጋራኋት እኔስ የማን ሰው ነኝ?»

«የሃይማኖት ጉዳይ እኮ ነው እማማ!»

«አንተ ነህ ሃይማኖት የምታስተምረኝ? ረቡዕ ዕለት ከሥጋ ቤት ስትወጣ አይቼሃለሁ!»

አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

«ሹመኛ ሰውን በሃይማኖቱ ለይቶ ሲበድል እናማለን። እኛ ስናደርገው ጽድቅ ሆነ? በእግዚአብሔር ስም ስብሰባ ከፍተን በጎረቤት ላይ በር ከምንዘጋ፣ ስሙን ባንጠራው ይሻላል።»

ዳኛው አገጩን አሻሸ። «ሕግ የሚለወጠው በጠቅላላ ጉባኤ ነው» አለ፤ ድምፁ ግን ለስልሷል።

«ጉባኤስ የሚጠራው በምንድን ነው? በዚያው ጥሩንባ አይደል? በል አስነፋና ሕዝቡን ጠይቅ!»

ተነፋ። ሰው ጃንጥላውን እየዘረጋ ከየቤቱ ወጣ። ዳኛው በሟቹ ደጃፍ ቆሞ ሕጉ ይሻር እንደሆነ ጠየቀ። በፊት ሕጉን ያጸደቀችውን ያችኑ እጄን ቀድሜ አወጣሁ። ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ እጆቹ አንድ በአንድ ሲነሱ አየች። ወዲያው ጎረምሶቹ ድንኳኑን ተሸክመው መጡ።

ከሰዓት በኋላ በመቃብሩ ቦታ መዝሙራቸውን ባላውቀውም የጎረቤቴን ክንድ ይዤ ቆምኩ። ጠዋት ሁለት ሰዎች እጃቸውን አላወጡም ነበር። ሁለቱም ግን መጥተዋል፤ አንደኛው አካፋ ይዞ አፈር ይመልስ ነበር።