እናቱን ሲያስነይት

ይቅርታ አድርጉልኝ። ከአራተኛ ክፍል ላላለፈ ሰው ብዕር መያዙ ራሱ ድፍረት ነው። ብቻ የሚስባህን ነገር የጻፈው የለም፤ ሆዴ ውስጥ ከሚቀር ብዬ ነው። ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ።

የሚስባህ ቤት ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ ይሸከማል፤ ጠዋት በሚኒባስ ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ሚስት የለውም፤ ያለችው እናቱ ጣይባ ናት። እሷም ካለች ነው። ድሮ ቦሩ ሜዳ ሳሉ፣ ረመዳን ሲገባ ማታ ማታ ልጆቿን ደርድራ ኒያ የምታስነይታቸው እሷ ነበረች፤ ነገን ለአላህ ብዬ እጾማለሁ ብለው እንዲያድሩ። «ሳይነይት ያደረ ሆዱን አስራበ እንጂ አልጾመም» ትላቸው ነበር። መርሳት ከያዛት ሁለት ዓመት ሆነ። የልጇን ስም ትረሳለች፣ ደጇን ትረሳለች። ኒያን ግን አልረሳችም። የምትረሳው መነየቷን ነው።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገቡ። ቀን ቀን የምትጠብቃት ጎረቤታቸው ፀሐይነሽ ናት። መድኃኒቷ ያለ ምግብ አይዋጥምና ስድስት ሰዓት ሲሆን ታበላታለች።

«የራሴን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዤ፣ የእናንተን የማስገድፍ እኔ» ትላለች እየሳቀች። «በሁለት ሃይማኖት ልጠየቅ ነው።»

ጣይባ መብላቷን ትረሳለች። ጭንቁ ማታ ነው።

«ልጄ፣ ነይቻለሁ?»

«ነይተሻል እማ።»

«እስቲ ወላሂ በል።»

ከመማል ይልቅ እንደገና ያስነይታታል፤ እሱ ቃሉን ይላል፣ እሷ ትከተላለች። ትተኛለች። ገና ጎኑን ሳያሳርፍ፣ «ልጄ፣ ነይቻለሁ?»

በአሥራ ሦስተኛው ሌሊት ዘጠኝ ጊዜ አስነየታት። እንቅልፍ ጣለውና ከንጋት በፊት የሚበላውን ሱሁርም ሳይበላ ቀረ። የነቃው በሱብሂ አዛን ነው። እናቱ ቁጭ ብላ ታየዋለች።

«አንተስ ነይተሃል?»

ቃሉን ዘጠኝ ጊዜ ብሎታል፤ ሁሉም የእሷ ነበር። የራሱን ቢፈልግ ያገኘው፣ ማታ የነገው ጆንያ ትዝ ሲለው «አልችልም፣ ብተወውስ» ብሎ ያሰበውን ብቻ ነው።

«እንጃ እማ» አላት።

«ወይኔ ልጄ» ብላ አለቀሰች። አባብሎ ሳይጨርስ ለምን እንደምታለቅስ ረሳችው።

ምንም ሳይቀምስ ዋለ። ጾም ይሁን ረሃብ አላወቀውም። ማታ ሲመለስ መስጊድ ጎራ ብሎ ሸህ ዘይኑልአቢዲንን ጠየቃቸው።

«እናትህ ላይ ጾም የለም» አሉት። «አእምሮ ሲሄድ ግዴታውም አብሮ ይነሳል። አንተ ግን ያችን ቀን ረመዳን ሲወጣ በሌላ ቀን ጾመህ ቀዷ አውጣ።»

«እሷንስ ምን ልበላት ሸኼ? ጾም የለብሽም ስላት ታለቅሳለች። ወዲያው ደግሞ ትረሳውና ነይቻለሁ ወይ ትለኛለች።»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን ገፉ።

«አብሽር» አሉት በመጨረሻ።

የዚያን ማታ ቀድሞ የራሱን በልቡ ነየተ። ከዚያ እሷን አስነየታት፤ ሰባት ጊዜ።

በማግስቱ ጠዋት ሊወጣ ጫማውን ሲያስር «ራበኝ» አለችው። ጫማውን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ዳቦውን በሻይ እየነከረ አጎረሳት። ጣቱ ላይ የቀረውን ሻይ በሱሪው ጠርጎ፣ ኮምቦልቻ ሊወርድ ወጣ።