የቴኒስ ሜዳው ወፎች

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ ከፈተና አብሬው አየሁ። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሣሩ ላይ ሲንጎራደዱ፣ "ይሄ እኮ ጋጋኖ የሚባለው ወፍ ነው!" አልኩ። ልጁ ግራ ገብቶት ዞር ብሎ አየኝ። የእኔ ልብ ግን አሰላ ሄዶ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ወጣት አስተማሪ ሆኜ አሰላ የተመደብኩት። የመንግሥት ሠራተኞች ክበብ አንድ የቴኒስ ሜዳ ነበረው፤ ታዲያ እሑድ ጠዋት ለውይይት ያልተቀመጠ ሰው ራኬት አይነካም። አባላቱ ስለ ሠርቶ አደሩ ሲከራከሩ አርፍደው፣ ካኪያቸውን አውልቀው በቁምጣ ብቅ ይላሉ። እኔ ቴኒስ አልችልም። የምሄደው ለስንዱ ስል ነው። ስንዱ ከጎጃም የመጣች ነርስ ነበረች፤ አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የገብስ ቆሎ እንቆረጥማለን። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እሷ ስትስቅ ግን አይሰማኝም ነበር።

እንድትስቅልኝ ብዬ ለሁሉም የወፍ ስም አወጣሁላቸው። የውይይቱ ሰብሳቢ ጥብሱ እስኪደርስ ከጥላው የማይነሳ ጆፌ አሞራ ነው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ኳስ ባመለጠው ቁጥር የሚጮህ ቁራ ነው። ሚስቱ ደግሞ በነጭ ጫማዋ ጭቃ እየመረጠች የምትረግጥ እርግብ ናት። ስንዱ ቆሎው ትን እስኪላት ትስቃለች።

አንድ እሑድ አንድ አዲስ ሰው መጣ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ የእርሻ ባለሙያ። ሳይሮጥ ኳሷ ላይ ይደርሳል። ቆሎ የጨበጠው የስንዱ እጅ አፏ ሳይደርስ ቀረ። በቅናት እርር ድብን አልኩ።

"ይሄ ደግሞ ሽመላ ነው። እግሩን አየሽው?" አልኳት።

አልሳቀችም። ዓይኗን ሳትነቅል፣ "ጎጆው የት ነው?" አለች።

"ዲክሲስ ነው አሉ። እሑድ እሑድ ነው የሚመጣው። ሚስትም የለውም።"

ማን ጠየቀኝ? ምላሴ በተቆረጠ!

በሳምንቱ አግዳሚው ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ስንዱ ሜዳው ውስጥ ናት፣ ሰውዬው ራኬት አያያዝ ያሳያታል። ክረምቱ ሳይገባ ሽማግሌ ላከ፤ መስቀል እንዳለፈ ተጋቡ።

አምና ሁሩታ ገበያ ላይ አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። ገና ስታየኝ መሳቅ ጀመረች።

"አንተ! ዛሬስ ለማን ስም አወጣህ?"

ልመልስላት ስል ባሏ በሰው መሀል ቀስ እያለ ወደ እኛ መጣ። ስንዱ እሱን ስታይ ዝም አለች።

ሳቋን ዛሬም አልነፈገችኝም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስቀናኝ ግን ያ ዝምታዋ ነው።