ከፍ ተደርጎ የተጀመረ መዝሙር

እህቴ ዊልማ የከተማችን ፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየነጻነት በዓሉ ብሔራዊ መዝሙሩን ብቻዋን የምትዘምረው እሷ ነበረች። ዘንድሮ ግን የበዓሉ ኮሚቴ ለጥርስ ሐኪሙ ሚስት ለዳርሊን ሰጠው። ዊልማ ከዚያ ወዲህ የዳርሊንን ስም አትጠራም፤ "ያቺ" ነው የምትላት።

በበዓሉ ቀን ከንቲባው እንደ ልማዱ ንግግሩን አስረዘመ። "ይህች አገር የሁላችንም ናት" ሲል ዊልማ በጆሮዬ፣ "መድረኩ ግን የዚያች የጥርስ ሐኪም ሚስት ነው" አለችኝ።

ከዚያ ባርኔጣ ወለቀ፣ እጅ ልብ ላይ አረፈ፤ ዳርሊንም ጀመረች። ዊልማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"ከፍ አድርጋ ጀመረችው። ይሄን መዝሙር ዝቅ አድርገህ ካልጀመርከው መጨረሻው ላይ ያንቅሃል። ቆይ፣ አሁን ጉዷ ይፈላል።"

እውነትም መጨረሻው ላይ ስትደርስ የዳርሊን ድምፅ ተሰነጠቀና ቆመ። የእህቴ ፊት በራ። ደስታዋ ግን አልቆየም፤ ከኋላ አንድ ሽማግሌ መዝሙሩን ከዳርሊን ተቀበለ፤ ቀጥሎ አጠገቡ ያሉት፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። የቀረውን ሰው ሁሉ አብሮ ጨረሰው። ዊልማ ብቻ አፏን ገጥማ ቆመች።

ሲያበቃ ጎረቤታችን ሄስተር እንባዋን እየጠረገች መጣችና እህቴን አቀፈቻት።

"ዊልማዬ፣ ሰማሽ አይደል? ሃያ ሁለት ዓመት አንቺን ዝም ብለን ስናዳምጥ፣ ለካ እኛም መዘመር እንችላለን።"