መምህር ሽብሩና የሩቁ መንደር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ስንት ይመዝናል? ሽብሩ ይህን ስለ ራሱ ጠይቆ አያውቅም። እሱ ሊመዝን ያማረው ዓለምን በሙሉ ነበር።

ሌሞ ከእንሰት ጓሮ ተወልዶ፣ አራት ኪሎ ፊዚክስ ተምሮ፣ ሆሳዕና ሊያስተምር ተመለሰ። በተማሪነቱ ያነበባት አንዲት ነገር ከልቡ አልወጣችም። ጋላክሲዎች በመቶ በሺህ ሆነው እንደ መንደር አብረው ይሰፍራሉ፤ በመካከላቸው እጅግ የጋለ ጋዝ አለ፤ ጋዙን የሚያሳየው እንደ ሐኪም ቤቱ ያለ የራጅ ጨረር ነው። ሰማዩን በራጅ አስሶ እነዚህን መንደሮች የቆጠረና የመዘነ፣ የዓለምን መጨረሻ ሊገምት ይችላል። በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ይህንኑ እንዲያጠና ወደ ሶቪየት ኅብረት ታጨ። የፓስፖርት ፎቶ ሁሉ ተነሣ።

ያ ዓመት ግን ገበሬው ከየጓሮው ተነሥቶ ባንድ ሜዳ እንዲሰፍር የታዘዘበት፣ የመንደር ምሥረታም ዓመት ነበር። የእናቱን የጥሩሰውን ቤት ክዳን ወንዶች በትከሻ ተሸክመው ሜዳ ላይ፣ በገመድ በተለካ መስመር አሰለፉት። እንሰት በትከሻ አይሄድም፤ እዚያው ቀርቶ ፍልፈል በላው።

ታዲያ ሽብሩ ክፍል ገብቶ ምሳሌ ሲያጣ፣ ዓይኑ ሥር ያለውን አነሣ።

«ማለዳ ከጉብታው ላይ ሆናችሁ አዲሱን መንደር እዩት። ጭሱ በሣር ክዳኑ ሾልኮ ከላይ ይገናኛል። በጋላክሲ መንደር፣ በቤቶቹ መካከል ያለው ጭስ ከቤቶቹ ሁሉ ይከብዳል። ግን ጭሱም ቤቱም ተደምሮ መንደሩን አንድ ላይ ለመያዝ አይበቃም።»

«ካልበቃስ ቲቸር?» አለች ጵርስቅላ ከፊት ወንበር።

«ካልበቃማ ይበተናላ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከአዲሱ መንደር ተደብቆ ወደ ጓሮው የማይመለስ አባት ያለው ተማሪ አልነበረምና። ሽብሩ «ቆይ፣ ገና ነው» ሊል እጁን ሲያነሣ ደወል ተደወለ። የቀረው ግማሽ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተላለፈ።

የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አልመጣም። ሳቁ ቀድሞ ካድሬው ጓድ አሳምነው ጆሮ ገባ፤ ሽብሩ የሚጠየቅበት ስብሰባም ተጠራ።

ከስብሰባው በፊት ርእሰ መምህሩ ወልደኪዳን ሽብሩን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ሳበው።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ ትምህርቱ መጨረሻው ይበተናል ነው?»

«ኧረ አይበተንም ጋሼ። የማይታይ ክብደት ይዞታል።»

«ተመስገን! በቃ፣ የማይታየው ክብደት ፓርቲው ነው በላቸው። አጨብጭበው ሞስኮ ይሸኙሃል።»

«ፓርቲው እኮ ይታያል።»

«አትቀልድ! የማወራው ስለ ነፍስህ ነው።»

አሳምነው በጉባኤው መካከል አስነሣው፤ «አይበተንም፣ የማይታይ ክብደት ይዞታል» ሲል ሰምቶም ጠየቀው። «እስቲ ጓድ መምህር፣ ይህ ይዞታል የምትለው ክብደት ምንድን ነው?»

ሞስኮ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። አንዲት ቃል ብቻ። ወልደኪዳን ከጥግ ሆኖ በዓይኑ ለመነው። ሽብሩ ግን ለማያውቀው ነገር ስም ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ከዚያ ወዲያ በየትኛው ሚዛን ምን ሊመዝን ነው?

«አላውቅም» አለ። «እስካሁን ማንም አያውቅም። የምሄደውም ለዚሁ ነበር።»

በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ «አላውቅም» ማለት ከስድብ ይከፋ ነበር። የትምህርት ዕድሉ ተሰረዘ፤ ከማስተማርም ታገደ። ሆመቾ ከተማ የእህል መጋዘን በር ላይ ጆንያ ተቀባይ ሆነ። ጥሩሰው በሐዲይኛ «ልጄ፣ ፓርቲው ነው ብትላቸው ምን ይቆርጥሃል?» እያለች በዚያው ሜዳ ላይ አረጀች። ሰማዩ በየምሽቱ እንደነበረ ይዘረጋል፤ እሱ ግን ቀና ማለት ተወ። የራቀ ነገር ያዩ የነበሩ ዓይኖቹ የእህል አቧራ ለመዱ።

ሞስኮን መልሱልኝ ብሎ አልጠየቀም፤ ደመወዙንም። ወልደኪዳንን፣ አሳምነውን፣ ከእነሱም በላይ ያሉትን፣ ባገኛቸው ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ አንዳቸውም አልፈቀዱለትም።

«ልጆቹ ይበተናል እንዳልኳቸው ቀርተዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ስጡኝ። ካድሬም ይቀመጥ። እንደማይበተን ነግሬያቸው ልውጣ።»