የመርፌው ክስ

የዳንግላው ጠበቃ አድማሴ ስም ያወጣው በከሰሩ ነጋዴዎች ክርክር ነው። አንዱ የኑግ ነጋዴ ሱቁ በሐራጅ በተሸጠበት ጊዜ ምንሽር ጠብመንጃ አድማሴ ደረት ላይ ደግኖበት፣ ሰው ተረባርቦ ነው ያስጣለው። ያም ሆኖ አድማሴ ጠብመንጃ ታጥቆ ችሎት ገብቶ አያውቅም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሽታዬ የምትባል ሴት ከዘንገና መጣች። ባሏን ዓለምነው የሚባል የጤና ጣቢያ ድሬሰር በስካር መንፈስ ሁለት መርፌ አከታትሎ ወግቶት፣ ሰውየው እዚያው መደብ ላይ ሲንፈራገጥ ሞቷል። የሟች ወንድም ክንዴም አብሯት ነበር።

«የወንድሜ ደም በጥይት ነው የሚወጣ» አለ ክንዴ።

«ጥይትህን አኑረው» አለው አድማሴ። «ሁለተኛ መርፌ እንዳይጨብጥ አደርገዋለሁ።»

ሽታዬ ክንዴ እግር ላይ ወድቃ ስታለቅስ እያጉረመረመ እሺ አለ።

አድማሴ ምስክር ፈልጎ ከእንጅባራ ሲመለስ የዓለምነው ወንድሞች ወንዝ መሻገሪያው ላይ ጠበቁት። ከበቅሎው ጎትተው አወረዱት። በሽመል ሲወርዱበት የቀኝ ክንዱ አጥንት ጧ ሲል እሱም ሰማው።

«ክሱን ታነሳለህ?»

አፉ ደም ሞልቶ «አላነሳም» አላቸው። ሞተ ብለው ጥለውት ሄዱ።

ወጌሻ ክንዱን በቀርከሃ አስሮለት ችሎት ቀረበ። መርፌው ሲወጋ ያየችው ምስክር ደጊቱ በአገውኛ ስትናገር አስተርጓሚው አንድ ቃል ሲዘል፣ አገውኛ አፍ የፈታበት አድማሴ ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ ‹ሰክሮ ነበር› ያለችውን ዋጠው!» ዳኛው እንደገና አስጠየቋት። ለዓለምነው ማምለጫ አልቀረለትም፤ ለሟች ቤተሰብ ካሳ እንዲከፍል፣ ከሕክምናም እንዲታገድ ተፈረደበት።

ዓለምነው አንገቱን ደፍቶ ከግቢው ሲወጣ ክንዴ ከጋቢው ውስጥ ጩቤ መዘዘና ጎኑ ላይ ሻጠበት። ነቅሎ ደገመው። አድማሴ ሮጦ በደህና እጁ ቁስሉን አፈነው፤ ደሙ ግን በጣቶቹ መካከል ይፈልቅ ነበር። ዓለምነው የአድማሴን ኮት ጨምድዶ «አንተ ነህ የገደልኸኝ» አለና ነፍሱ ወጣች።

ክንዴ ታሰረ። የዓለምነው ወንድሞች ደግሞ የሽታዬን ቤት በሌሊት አቃጠሉት፤ እሷ ከልጆቿ ጋር በጓሮ አምልጣ ተረፈች። ጥይት በሁለቱ ወገን መንደሮች መካከል መጮህ ሲጀምር አድማሴ ሽማግሌ ይዞ ወንድማማቾቹ ደጅ ቆመ።

ታላቅየው ጠብመንጃውን አቀባብሎ ወጣ። «ስለ ክንድህ ልታሳስረን መጣህ?»

«አልከሰስኋችሁም። ገዳዩን ክንዴን ፍርድ ቤት ይዞታል፤ እናንተ ግን ልጆቿን ተዉ። ለስብራቴ ካሳ የምሻው ይህንን ነው።»

ሰውየው ጥይቱን ከጠብመንጃው አወጣ። በሰኔ ሁለቱ ወገን በመስቀል ምለው ታረቁ። ክንዴ ሞት ተፈርዶበት ዳንግላ ላይ ተሰቀለ። ያን ዕለት አድማሴ ቢሮውን ዘግቶ ዋለ፤ በማግሥቱ በአዲስ ጉዳይ፣ ደንበኛውን ለባላጋራ የሸጠ አንድ የእንጅባራ ጠበቃ ለመክሰስ በግራ እጁ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር።