ሆድ ያለው ሸራ

ባለቤቴ ባሕረኛ ነበር። ይህን መቱ ከተማ ውስጥ ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያዝንልኛል። በወጣትነቱ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሏል። መንግሥት ሲለወጥ ባሕሩ ከሌላ አገር ጋር ሄደ፤ እሱ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመለሰ። እኔ ያገባሁት ከዚያ በኋላ ስለሆነ ባሕረኛውን አላውቀውም። የማውቀው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛውን ሰው ነው። ሥራ ይይዛል፣ ይተዋል። ምግብ ሲቀርብለት ይበላል፣ ባይቀርብለት አይጠይቅም። አንድ ቀን እንዲሁ ዝም እንዳለ ይሞትብኛል ብዬ እፈራ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ በአነስተኛ ግድብ ታግዶ የሚተኛበት ቦታ አለ። እዚያ መዋል ጀመረና ቆይቶ ጣውላ መሰብሰብ ያዘ። ከዋንዛ እንጨት ጠባብ ጀልባ ሠራ፣ ምሰሶ ተከለባት፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ቆርጦ ሰቀለባት። ጎረቤቱ «ሞኝ ካመረረ፣ በግ ከበረረ» እያለ ሲሳለቅበት እኔ በልቤ ፈጣሪን አመሰግን ነበር። ማለዳ ተነስቶ የሚሄድበት አግኝቷላ።

ጀልባዋ ግን አልሄድም አለች። በዚያ ሸለቆ ነፋስ የሚነሳው ዝናብ ሊመጣ ሲል ነው፣ እሱም በምዕራብ ካለችው ቡሬ በኩል ብቻ። ውሃው የተዘረጋውም በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ነፋሱ ሁልጊዜ ከጀርባ ይመጣል፤ ከጀርባ ሲመጣ ደግሞ ያ ከባድ ሸራ ይልፈሰፈሳል።

«ሌላ ሸራ ልጨምርላት ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ከፊቷ የሚወጠር፣ ቀለል ያለ፣ ሰፊ፣ ሆድ ያለው። ትሰፊልኛለሽ?»

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከስስ ጨርቅ ሦስት ማዕዘን ቆረጥኩ፣ ዙሪያውን አጥፌ ሰፋሁት፣ ተኩሼም ሰጠሁት። ወስዶ ሞከረውና ይዞት ተመለሰ።

«መጋረጃ ነው የሰፋሽልኝ።»

«ታዲያ ሸራ ማለት ምንድን ነው? የተወጠረ ጨርቅ አይደለም?»

«ሆድ የለውማ። ነፋሱን የት ያስቀምጠው?»

በጣም ተናደድኩ። ለነፍሰ ጡር ቀሚስ ሆድ አወጣለሁ፤ ለነፋስ ሆድ ማውጣት ግን ማንም አላስተማረኝም። እኛ አገር ዝናቡ ስለማያባራ ከሱቄ በረንዳ የተሰበረ ጃንጥላ ጠፍቶ አያውቅም። አንዱን በንዴት ላሽቀነጥረው ሳነሳው፣ ሽቦው ወልቆ እንኳ ጨርቁ ጎድጎድ ብሎ እንደቀረ አየሁ። ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ በራሳቸው ሆድ ያወጣሉ።

የሞተ ጃንጥላ ያለው ሁሉ ያምጣልኝ አልኩ። ከሁሩሙ የሚመጡ ማር ሻጮች ሳይቀሩ አመጡ። ሸራው ጥቁር በጥቁር ሆነ፤ መሃሉ ላይ ብቻ ባለ ቀይ አበባ የሴት ጃንጥላ ገባበት። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ የድሮውን ስፌት ይፈታልኛል፣ እኔ እገጥማለሁ። ስለ ባሕር ያወራኝ ያን ሰሞን ነው። በመለማመጃ ጀልባ ሸራ ነፍተው ቀኑን ሙሉ ሲሄዱ፣ ከፊት ለፊት ምንም ሳይኖር። እያወራ ይስቃል። ዳነልኝ አልኩ።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ይዞኝ ወጣ። ዋና አልችልም፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን እያሰብኩ ገባሁ። የሸራውን አንዱን ጫፍ የያዘ ገመድ አስጨበጠኝ። ነፋሱ ከኋላችን ደረሰ። ሸራው ትንሽ ተንፈራገጠና ከፊታችን ሙሉ በሙሉ ተነፋ። ጀልባዋ ወደፊት ተነጠቀች። ፈርቼም ደስ ብሎኝም እየሳቅሁ ዞር ብዬ አየሁት። ያን ፊት ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ይህን ሰው ቀድሜ ባገኘው ኖሮ ብዬ ቆጨኝ።

«ልቀቂ» አለኝ።

«ለምን? እየሄደች እኮ ነው።»

«ልቀቂው፤ ዳር ደረስን።»

ቄጠማው ውስጥ ገብተን ቆምን። ከዳሪሙ በእግራቸው ለገበያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዳር ቆመው ያዩን ነበር።

«ሱታ፣ ሱታ» አሉ በኦሮምኛ፣ ከዚያም በአማርኛ፦ «ቀስ በሉ እንጂ ልጆቼ። ውሃው እኮ ይኸው ነው።»

ቀዘፈና ወደ ተነሳንበት መለሰን። እንደገና ነፋን፤ ሸራው ሞልቶ ወግ ሳይደርሰው ቄጠማው መጣ። ደግመን ሞከርን፣ ያው ነው። ዝናቡ ሲጀምር ሸራውን አወረደውና አጣጠፈው።

በማግስቱ ወደ ውሃው አልሄደም። በሦስተኛውም ቀን ሳይነሳ ሲረፍድ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«የጎደለው ነገር ካለ ንገረኝ። ፈትቼ እንደ አዲስ እሰፋዋለሁ።»

«ምንም አልጎደለውም» አለኝ። «እጅሽ ይባረክ፤ ምጽዋም እንዲህ ያለ ሸራ አላየሁም።»

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። እኔ ወደ ሱቄ ሄጄ እስኪመሽ አለቀስኩ። ሸራው አንድ እንከን እንኳ ቢኖረው ኖሮ እሱን ለማስተካከል ይነሳ ነበር።